ክሪኬትንና ቤዝቦልን ከሰሜን ሸዋ ሆኖ አብሮ መከታተል፦ ከሰዓት ቅየራ እስከ ውጤት ደብተር

ክሪኬትንና ቤዝቦልን አብረው መከታተል ጀምረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተዉ የማውቃቸው ሰዎች ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ሰዓቱ ተምታታብኝ፤ ሕጉም ተደበላለቀብኝ።» ሁለቱም የሚመጡት ከዝግጅት ማነስ ነው። ይህ መመሪያ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ ተቀምጠው፣ በእጅ ስልክና በውስን ዳታ፣ የቀን ሥራቸውን ሳያጓድሉ ሁለቱንም ስፖርቶች ዓመቱን ሙሉ ለመከታተል ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይለፉ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያሰናዱ፦

• ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይጠቀሙ፤ ዳኛ ውሳኔውን በቪዲዮ አይቶ ሲቀይር ገጹ በስርዝ ድልዝ ይሞላል።
• አስቀድሞ የተሞላ ፓወር ባንክ። በክረምት መብራት የሚጠፋው ጨዋታው ሲጦዝ ነው።
• የዳታ ጥቅል። በ*999# ገብተው የሌሊት ጥቅሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ያንብቡ። ብዙዎች የሚከስሩት ጥቅሉ ካበቃ በኋላ ቪዲዮው ሲቀጥል ነው።
• ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የታኅሣሥ ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቪዲዮ ዳታ ስለሚበላ በመደበኛ ቀን ውጤቱን በጽሑፍ ይከታተሉ፤ ለክሪኬት ክሪክኢንፎ፣ ለቤዝቦል የኤምኤልቢ (የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) መተግበሪያ እያንዳንዱን ውርወራ በጽሑፍ ያሳያሉ። ቪዲዮውን ለታላላቅ ጨዋታዎች ይቆጥቡ። ኳስ በሚያሳዩ ቤቶች ለማየት ካሰቡ ደግሞ የቤቱ ፓኬጅ የክሪኬት ቻናል ያለው መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ያስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ስለሚለይ ሁለት ጊዜ ማስላት ያስፈልጋል፦ አንድ ጊዜ ከአገር ወደ አገር፣ ሌላ ጊዜ ከአቆጣጠር ወደ አቆጣጠር። ሁለቱን በአንድ እርምጃ የሚያጠቃልል አቋራጭ ስላለ ሠንጠረዡን በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገልብጡ። በጨዋታው ከተማ ሰዓት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ፤ ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱ፤ መቀነሱ የማይቻል ከሆነ አስቀድመው 12 ይጨምሩ።

• ኒውዮርክ፦ 1 ይጨምሩ። የምሽት 7:05 ጨዋታ ለእኛ ሌሊት 8:05 ነው፤ ከቀትር በኋላ 1:05 የሚጀምረው ምሽት 2:05 ይሆናል።
• ሎስ አንጀለስ፦ 4 ይጨምሩ። የምሽት 7:10 ጨዋታ ለእኛ ሌሊት 11:10 ነው።
• ሕንድ፦ 3 ሰዓት ከ30 ይጨምሩ። የምሽት 7:30 ጨዋታ ለእኛ ከቀትር በኋላ 11:00 ነው፤ ጠዋት 9:30 የሚጀምረው የቴስት (የአምስት ቀን ክሪኬት) ጨዋታ ደግሞ ጠዋት 1:00 ነው።
• ለንደን፦ 4 ይቀንሱ። ጠዋት 11:00 የሚጀምረው ቴስት ለእኛ ቀን 7:00 ነው።
• ደቡብ አፍሪካ፦ 5 ይቀንሱ። ጠዋት 10:00 የሚጀምረው ለእኛ ጠዋት 5:00 ነው።
• ሜልበርን በታኅሣሥ፦ 2 ይቀንሱ። ጠዋት 10:30 የሚጀምረው ለእኛ ሌሊት 8:30 ነው።

የአሜሪካና የእንግሊዝ ቁጥሮች የሚሠሩት አገሮቹ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት ነው። አሜሪካ ይህን የምታደርገው በፈረንጆቹ ማርች ከሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ከዚያ ውጭ ኒውዮርክ 2፣ ሎስ አንጀለስ 5 ይጨመርባቸዋል፤ ለንደን ደግሞ 3 ብቻ ይቀነስለታል። የቤዝቦል ውድድር ዘመን ከሞላ ጎደል በሙሉ በተገፋው ሰዓት ውስጥ ስለሚውል ለእርሱ መጨነቅ አያስፈልግም። ሕንድና ደቡብ አፍሪካ እንደ እኛው ሰዓታቸውን አይነኩም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ መተግበሪያዎች ሰዓቱን በራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀይራሉ። በዚያ ላይ ሠንጠረዡን ከተጠቀሙ ሁለት ጊዜ ቀየሩ ማለት ነው። የኒውዮርክ ጨዋታ በ02:05 እንደሚጀምር ካዩ ቅየራው ተሠርቷል፤ እዚያ ማንም በውድቅት ጨዋታ አይጀምርምና። ያን ጊዜ የሚቀርዎት 6 መቀነስ ብቻ ነው፤ ከ2:05 ላይ የማይቀነስ ስለሆነ 12 ጨምረው 8:05 ሌሊት ያገኛሉ።

ቀኑንም ይጠንቀቁ። ኒውዮርክ ውስጥ ቅዳሜ ምሽት የሚደረግ ጨዋታ ለእኛ የሚውለው ለእሑድ አጥቢያ ነው። በደብተርዎ ላይ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ብለው በፍጹም አይጻፉ፤ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት 8:05» ይበሉ። እኔ አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ «ቅዳሜ ሌሊት» ብዬ ነግሬው ሁለታችንም አንድ ሌሊት ቀድመን ተነሣን፤ ከሰል ተያይዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩ ላይ የቆጠራ ሰዓት ብቻ ሲቀንስ አደርን። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ «አጥቢያው የማን ነው?» ሳይለኝ አይነሣም።

ደረጃ 2፦ ከክሪኬት አጭሩን ይዘው ይጀምሩ

ከአምስት ቀኑ ቴስት አይጀምሩ። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦ በመጀመሪያ ሦስት የቲ20 (ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር) ጨዋታዎች፣ ቀጥሎ አንድ የ50 ኦቨር ጨዋታ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቴስት።

1. ኦቨርን ይቁጠሩ። አንድ ኦቨር 6 ትክክለኛ ውርወራ ነው። ሰፊ የሄደ ኳስ (ዋይድ) እና የተከለከለ ውርወራ (ኖ ቦል) ለተቃራኒው ቡድን ራን (ነጥብ) ያስገኛሉ እንጂ ከስድስቱ አይቆጠሩም። ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ኳስ ሲያዩ ዳኛው አልተሳሳተም።
2. ሁለቱን ቁጥሮች ይለዩ። «147/4» ማለት 147 ራን ተቆጥሮ 4 ሰው ወጥቷል ማለት ነው። አውስትራሊያውያን ገልብጠው «4/147» ብለው ይጽፋሉ፤ ትንሹ ቁጥር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የወጡት ነው።
3. አወጣጦቹን በዚህ ተራ ይማሩ፦ ኳሱ ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶች መትቶ ሲጥል፣ የተመታ ኳስ መሬት ሳይነካ ሲያዝ፣ ሲሮጡ ተቀድሞ እንጨቱ ሲነካ። ወደ እንጨቶቹ የሚሄደውን ኳስ በእግር ማገድ የሚያስወጣበትን ሕግ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ይህ ሕግ የኖሩበትንም ሰዎች ያጨቃጭቃል።
4. የውጤቱን አነጋገር ያጥኑ። «በ7 ራን አሸነፈ» ከተባለ መጀመሪያ የመታው ቡድን አሸንፏል፤ «በ6 ዊኬት አሸነፈ» ከተባለ ግን ተከትሎ የመታው ቡድን ስድስት ዊኬት ተርፎት፣ ማለትም ገና ስድስት ሰው ሊወጣበት ሲችል፣ ግቡን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሕንድ 240 ላይ ሁሉም ወጡባት፤ አውስትራሊያ 241/4 ደርሳ በ6 ዊኬት አሸነፈች።

ቴስት ላይ ሲደርሱ «አቻ» የሚለውን ቃል ይተዉት። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍንብዎታል። ቀኑ አልቆ አሸናፊ ሳይለይ ሲቀር «ሳይለይ ቀረ» ይበሉ፤ ሁለቱም መትተው ጨርሰው ራናቸው ሲተካከል «እኩል ወጡ» ይበሉ። የመጀመሪያው የተለመደ፣ ሁለተኛው እጅግ ብርቅ ነው፤ ሳይለይ እንዲቀር አንድ ሙሉ ቀን ተከላክሎ መዋልም ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው።

ደረጃ 3፦ ወደ ቤዝቦል ይለፉ

ቢያንስ አምስት የክሪኬት ጨዋታ ከመዘገቡ በኋላ ብቻ ወደዚህ ይምጡ።

1. ግማሹን ይለዩ። ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው (ራናቸው ከተካከለ ይቀጥላል)፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ መጀመሪያ እንግዳው ቡድን፣ ቀጥሎ ባለሜዳው ይመታል፤ 3 ሰው ሲወጣ ይለዋወጣሉ። በክሪኬት ኢኒንግ ማለት ቡድኑ በአንድ ዙር የሚመታበት ጊዜ በሙሉ ነው፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም።
2. ቆጠራውን በትክክል ያንብቡ። በማያ ገጹ ላይ «2–1» ሲል የመጀመሪያው ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ ያለፈና መቺው ያልሞከረው ውርወራ)፣ ሁለተኛው ስትራይክ (በክልሉ ያለፈ ወይም መቺው ሞክሮ የሳተው) ነው። 4 ቦል መቺውን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠው ማረፊያ) ይወስደዋል፤ 3 ስትራይክ ያስወጣዋል።
3. ፋውልን ይረዱ። ከመስመር ውጭ የተመታ ኳስ እንደ ስትራይክ ይቆጠራል፤ መቺው ሁለት ስትራይክ ካለው ግን ሦስተኛ አይሆንበትም። መቺው ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ እየመታ ሳይወጣ ሲቆም ግራ የሚጋቡት ይህን ሕግ የዘለሉ ናቸው። ሁለት ስትራይክ እያለው ኳሱን ለስለስ አድርጎ ሊያኖር ሞክሮ ፋውል ከሆነበት ግን ይወጣል።
4. የወርዋሪውን ሰዓት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው በሰዓት ተይዟል፤ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ሰው ካለ ከ2024 ወዲህ 18 ሰከንድ ይሰጠዋል። ሳይወረውር ቦል ሲቆጠርበት ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ ዐይንዎን ይቀይሩ

ሁለቱን ጨዋታዎች የሚያለያያቸው አንድ ሰው ሲወጣ የሚከፈለው ዋጋ ነው። በክሪኬት ቡድኑ ያለው 10 ዊኬት ብቻ ነው፤ የወጣ መቺ በዚያ ኢኒንግ አይመለስም። በቤዝቦል ቡድኑ በ9 ኢኒንግ 27 ጊዜ ሊወጣበት ይችላል፤ የወጣውም ሰው ተራው ሲደርስ ተመልሶ ይመታል። ስለዚህ በክሪኬት ከየውርወራው በፊት «ይህን ሰው ማጣት ምን ያስከፍላል?» ብለው ይጠይቁ፤ በቤዝቦል ደግሞ «ቤዝ ላይ ማን አለ፣ ስንት ወጥቷል?» ይበሉ።

በደብተርዎ ላይ ሁለት ልምምድ ይሥሩ።

የመጀመሪያው፦ እ.ኤ.አ. የ2024 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ሕንድ 176/7 ስለመታች ደቡብ አፍሪካ 177 ያስፈልጋታል፤ ይህም በአንድ ኦቨር 8.85 ነው። ከ15 ኦቨር በኋላ 147/4 ደርሳ ነበር፤ ከ30 ኳስ 30 ራን ብቻ ቀርቷታል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ጨዋታው አልቋል ብሎ ይተኛል። በመጨረሻዎቹ 5 ኦቨሮች ግን 22 ራን ብቻ አግኝታ አራት ዊኬት ጣለች፤ 169/8 ላይ ቆማ በ7 ራን ተሸነፈች። በየኦቨሩ «የቀረ ራን፣ የቀረ ኳስ፣ የቀረ ሰው» የሚሉ ሦስት ዓምዶችን ቢሞሉ መደናቀፏን ከሦስተኛው ዓምድ ላይ ማየት ይችሉ ነበር።

ሁለተኛው፦ እ.ኤ.አ. የ2024 የቤዝቦል ወርልድ ሲሪስ (የሊጉ ተከታታይ የፍጻሜ ጨዋታዎች) የመጀመሪያ ጨዋታ። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነበር። በ10ኛው ኢኒንግ ያንኪስ 3 ለ 2 እየመሩ፣ ሁለት ሰው ወጥቶ፣ ሦስቱም ቤዞች ተይዘው ሳለ የዶጀርሱ ፍሬዲ ፍሪማን ኳሱን ከአጥሩ ማዶ አሻገረው፤ ጨዋታው 6 ለ 3 አለቀ። በወርልድ ሲሪስ ታሪክ በእንዲህ ያለ ምት ጨዋታ ሲያልቅ የመጀመሪያው ነበር። በቤዝቦል ሰዓት የሚሞላ ነገር የለምና የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ስልክዎን አይዝጉ።

ከዐይን ቅየራው ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። በክሪኬት መቺው ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም መምታት ይችላል፤ መትቶም ላለመሮጥ መብቱ የእርሱ ነው። በቤዝቦል በሁለቱ መስመሮች መካከል መምታት አለበት፤ ከመታም መሮጥ ግዴታው ነው። መቺው ከመታ በኋላ ቆሞ ሲያይ «ለምን አይሮጥም?» ብለው ከጮኹ፣ የትኛውን ጨዋታ እያዩ እንደሆነ ለአፍታ ዘንግተዋል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ደብተሩን ይያዙ

በግራ ገጽ ክሪኬት፣ በቀኝ ገጽ ቤዝቦል ይጻፉ። በአንድ ገጽ አያቀላቅሉ።

ለክሪኬት ለእያንዳንዱ ኦቨር አንድ ሣጥን ይሥሩ። ራን ለሌለበት ኳስ ነጥብ፣ ራን ለተገኘበት ቁጥሩን፣ ለወጣ ሰው «ወ»፣ ለሰፊ ኳስ «ዋ»፣ ለተከለከለ ውርወራ «ኖ» ያስፍሩ። ለቤዝቦል የተጫዋቾቹን የቦታ ቁጥር ይጠቀሙ፦ 1 ወርዋሪ፣ 2 ከመቺው ኋላ ያለው ያዥ፣ 3 አንደኛ ቤዝ፣ 4 ሁለተኛ ቤዝ፣ 5 ሦስተኛ ቤዝ፣ 6 በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ሾርትስቶፕ፣ 7 ግራ ሜዳ፣ 8 መካከለኛ ሜዳ፣ 9 ቀኝ ሜዳ። «6–4–3» ብለው ሲጽፉ ኳሱ ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄዶ ሁለት ሰው አስወጥቷል ማለት ነው። በስትራይክ ለወጣ ሰው «ኬ» ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱም ስፖርቶች ነጥብ ያለበት ቁጥር አስርዮሽ አይደለም። በክሪኬት 42.4 ማለት 42 ኦቨርና 4 ኳስ ነው፤ ከ42.5 ቀጥሎ 43 ይመጣል። በቤዝቦል ወርዋሪው 6.2 ኢኒንግ ወረወረ ሲባል 6 ኢኒንግና 2 ሰው አስወጥቷል ማለት ነው። በካልኩሌተር ከማካፈልዎ በፊት 42.4ን ወደ 256 ኳስ፣ 6.2ን ወደ 20 የወጡ ሰዎች ይለውጡ።

ሲጨርሱ ሒሳቡን ያረጋግጡ። በክሪኬት የመቺዎቹ ራንና ተጨማሪዎቹ (እንደ ዋይድና ኖ ቦል ያሉት) ተደምረው ከቡድኑ ድምር ጋር መግጠም አለባቸው። በቤዝቦል ለመምታት ተራ የደረሳቸው ብዛት፣ ራን ካስመዘገቡት፣ ቤዝ ላይ ከቀሩትና ከወጡት ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልገጠመ ከመጨረሻው ኢኒንግ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ በእኔ ልምድ ስሕተቱ የሚገኘው እንቅልፍ ሸለብ ባደረገኝ ሰዓት ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ቡድን ይምረጡ

በአንድ ስፖርት ከአንድ ቡድን በላይ አይያዙ። በቤዝቦል ከ30ዎቹ ቡድኖች አንዱን ሲመርጡ ሰዓቱን ከግምት ያስገቡ፦ የምሥራቅ ጠረፍ ቡድን እንቅልፍዎን መካከል ላይ ይቆርጠዋል፤ የምዕራብ ጠረፍ ቡድን ግን ከንጋት ጋር ስለሚገጥም ቀድሞ ለሚነሣ ሰው ይስማማል።

ደረጃ 7፦ ዓመቱን ያቅዱ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሕንድ ፕሪምየር ሊግ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ መውጫ ጋር ይገጥማል። ቤዝቦልም በመጋቢት ይጀምርና እያንዳንዱ ቡድን እስከ መስከረም 162 ጨዋታ ያደርጋል። 162ቱንም ለማየት አይሞክሩ፤ በሳምንት ሁለቱን በቀጥታ ይከታተሉ፣ የቀሩትን ጠዋት በውጤት ሠንጠረዥ ያንብቡ። በክረምት በእንግሊዝ የሚደረጉት ቴስቶች ከቀኑ 7 ሰዓት ስለሚጀምሩ ዝናቡ ቤት ላዋለው ሰው ይመቻሉ። በታኅሣሥ 17 አካባቢ የሜልበርን ቴስት ይመጣል።

ጥቅምትን ለብቻው ያቅዱ። የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሦስተኛው ጨዋታ 18 ኢኒንግ ሄዶ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ፈጀ፤ ለእኛ ረፋድ ላይ ነው ያለቀው። በማግሥቱ ሥራ ካለብዎት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ አስቀድመው ይወስኑ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ሌሊት ሳይሆን አይቀርም። በ2020 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የክሪኬት የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ ይደረጋል፤ ቀን ክሪኬት፣ ሌሊት ቤዝቦል ይደራረባሉና የዓመት ፈቃድዎን አያባክኑ። ሁለቱም ስፖርቶች እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ይገናኛሉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ፦ የቆሙበትን ኦቨር ወይም ኢኒንግ ያስምሩና ባዶ ቦታ ይተዉ። ሲመለስ ውጤቱን ከማየትዎ በፊት የጽሑፍ ዘገባውን ካቆሙበት ጀምረው ይሙሉ።

እዚያ ዝናብ ሲጥል፦ ቲ20 ውጤት እንዲኖረው እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 5 ኦቨር፣ በ50 ኦቨር ጨዋታ ደግሞ 20 ኦቨር የመጫወት ዕድል ማግኘት አለበት። የተሻሻለው ግብ የሚሰላው በቀሩት ኦቨሮችና በቀሩት ዊኬቶች ነው፤ በራስዎ ለማስላት አይድከሙ። በቤዝቦል መደበኛ ጨዋታ 5 ኢኒንግ ካለፈ፣ ወይም ባለሜዳው እየመራ አራት ተኩል ከደረሰ ውጤቱ ይጸናል።

ውጤቱን ሳያዩ ሰው ሲነግርዎ፦ ጠዋት ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት ማሳሰቢያዎቹን ያጥፉ። ጓደኛዎ ከደወለ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ «እንዳትነግረኝ» ይበሉት።

የማሳያ ቤቱ ባለቤት ቻናሉን አልቀይርም ሲል፦ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ሰዓት ሄደው አይለምኑ። በአዘቦት ቀን፣ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ ይሂዱ፤ «ወንድምዓለም፣ ቡናውን ለሦስት ሰው ቅዳልኝና ሦስት ሰዓት ስጠኝ» ይበሉት። እኔ ሠርቶልኛል፤ አሁን ባለቤቱ ራሱ ስንት ኦቨር እንደቀረ ይጠይቀኛል።